«አንድም» የሚል አማካሪ

ደሴ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብረት አይነካም። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። እኔ ግን በዚያ ሰዓት የውጭ በራችንን መቀርቀሪያ ይዤ እቆም ነበር። ከአልጋዬ እነሳለሁ፣ ጋቢ እደርባለሁ፣ ግቢውን አቋርጬ በሩን እፈትሻለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ እነሳለሁ። አንዳንድ ሌሊት ሦስቴ፣ አንዳንድ ሌሊት አምስቴ። ጠዋት ክፍል ገብቼ አማርኛ አስተምራለሁ። ጠመኔ ይዤ ቆሜ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር መሃል ላይ ይጠፋኛል።

የጀመረኝ እናቴ በ2016 ክረምት ካረፈች በኋላ ነው። ስኳር ነበረባት። የሞተችው አልጋዋ ላይ፣ እኛ ከጎኗ ሆነን ነው። ሌሊት ሌሊት መነሳቴን ዘመድ ሲሰማ ሁሉም የራሱ ፍቺ ነበረው። አክስቴ «ዓይን ነው» አለች። የቅሬያችን (የእድራችን) ትልቅ ሰው «የእናት ሐዘን ነው ልጄ፤ ሰደቃ አውጪ፣ ዱዓ ይደረግልሽ፣ አብሽሪ» አሉኝ። አወጣሁ። ዱዓው ልቤን አሳርፎት ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። በሩን መፈተሽ ግን አልተወኝም። ባለቤቴ ደግሞ «ጦርነቱ ነው፤ ያኔ ያልወጣልሽ አሁን እየወጣ ነው» ይላል። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ነው። ህልም እንደ ፈቺው ነው ይባል የለ? የኔም ሌሊት እንደ ፈቺው ሆነ።

በመጨረሻ ካውንስሊንግ ጀመርኩ። በጊዜ ተለያይተው ሁለት አማካሪዎች ፊት ተቀምጫለሁ። ሁለቱም የነገርኳቸውን ተረጎሙልኝ። የአንደኛዋ ትርጓሜ ለአራት ወር አስቀረኝ። የሁለተኛው ከዚያ በር ላይ እጄን አስለቀቀኝ። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ያሰብኩት ነገር ቢኖር፣ ሁለቱ የተናገሩት በይዘቱ ያን ያህል የሚራራቅ አለመሆኑ ነው። ታዲያ አንዱ ለምን ዘጋኝ፣ አንዱ ለምን ከፈተኝ? አማካሪ ፊት ተቀምጣችሁ የማትስማሙበትን ነገር «እሺ» እያላችሁ የምትወጡ ካላችሁ፣ ለእናንተ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያዋ አማካሪ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ደግ ሴት ናት። ክፍሏ ንጹሕ ነው፤ ሶፍትም ውሃም አጠገቤ አለ። የመጀመሪያውን ቀን በሙሉ ሰማችኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ ስለ እናቴ እያወራሁ ሳለ አቋረጠችኝና እንዲህ አለች፦ «ልጄ፣ አንቺ እናትሽ ላይ ተናደሻል። በሩን የምትዘጊው እሷ ላይ ነው። ይህን እስካልተቀበልሽ ድረስ እንቅልፍ አታገኚም።»

ፊቴ ነደደ። እናቴ ከተቀበረች ሰባት ወር አልሞላትም። የመቃብሯ አፈር ገና አልረጋም። እኔ ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። «ልክ ነዎት» አልኩ። አመሰገንኩ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ከቧንቧ ውሃ እስከ ፒያሳ በእግሬ ስወርድ አንድም ሰው ሰላም ማለቴን አላስታውስም። ሁለተኛ አልተመለስኩም።

በዚህ «እሺ» ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኛ ትልቁ ነገር እሱ ይመስለኛል። እኛ ያደግነው ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት ደፍተን ነው። ሽማግሌ ሲመክር «አይ፣ እንዲያ አይደለም» ማለት ነውር ነው። ሐኪም ፊት ደግሞ ይብሳል፤ ነጭ ጋውን ያየ ሰው ያልታመመውን ቦታ ጭምር «አዎ ያመኛል» ይላል። ይሉኝታ ነው። አማካሪዋ ልክ ናት ብዬ አምኜ አይደለም እሺ ያልኩት። እሷን ማሳፈር ስላልፈለግኩ፣ ሰዓቱም እንዲያልቅልኝ ነው። እሷ ግን ያን «እሺ» መቀበል አድርጋ ሳትጽፈው አልቀረችም። እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ተማሪዎቼ በአንድ ድምፅ «ገብቶናል» ሲሉኝ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ «በቃ ደውሉ ይደወል» ማለት ነው።

በኋላ እንዳነበብኩት ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የሥነ ልቦና ሕክምናን በትርጓሜ ላይ ያቆመው ፍሮይድ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ነገር አንስቶታል። የታካሚው «አዎ» ብቻውን የትርጓሜውን ትክክለኛነት አያሳይም፤ «አይ» ማለቱም ብቻውን ስህተት ነው አያሰኝም ይላል። ከዚያ ይልቅ ከትርጓሜው በኋላ ምን እንደሚከተል ተመልከቱ ነው የሚለው። ታካሚው ከዚህ በፊት ያላነሳው አዲስ ትዝታ ከመጣ፣ ትርጓሜው አንድ ነገር ነክቷል። «አዎ» ብሎ ዝም ካለ ግን ገና ምንም አልታወቀም። ይህን ሳነብ ያን ቀን ፒያሳ ድረስ ዝም ብዬ የወረድኩት ትዝ አለኝ። ምንም አዲስ ነገር አልመጣልኝም ነበር። እፍረት ብቻ ነው የመጣው።

አራት ወር በሩን እየፈተሽኩ ቆየሁ። ከዚያ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሌላ አማካሪ ጠቆመችኝ። ወጣት ነው፤ ከኔ ስድስት ሰባት ዓመት ያንሳል። መጀመሪያ ያደረገው ነገር እንቅልፍ ማጣቴ ከሌላ በሽታ እንዳይሆን ሐኪም ዘንድ መላክ ነበር። ደሜ ታየ፤ ደህና ነው። ከዚያ ተቀመጥን። እኔ «ዶክተር» እለዋለሁ፣ እሱ «ዶክተር አይደለሁም» ይላል፣ እኔ አልተውኩም። እሱ «ቲቸር» ይለኛል፣ «እርስዎ» እያለ።

ገና በመጀመሪያው ቀን የበፊቷን አማካሪ ነገር ነገርኩት። አልነቀፋትም። «የትኛው ቃል ነው የከበደዎት?» ብቻ አለኝ። አሰብኩ። «ተናደሻል» የሚለው አልነበረም። የከበደኝ «ይህን እስካልተቀበልሽ ድረስ» የሚለው ነው። ለእምቢታ ቦታ አልተወልኝም። ሥራዬ ነውና በምሳሌ ነገርኩት። በቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት አንድምታ የሚባል አለ። መምህሩ የንባቡን ቀጥተኛ ፍቺ ይሰጣል፤ ከዚያ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ «አንድም» ብሎ ደግሞ ሌላ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይሽረውም። ጎን ለጎን ይቆማሉ። እኔ እስላም ነኝ፤ ግን አማርኛ የሚያስተምር ሰው ይህን ሳያውቅ አይሆንለትም። «እሷ አንድ ፍቺ ብቻ ሰጥታ መጽሐፉን ዘጋችው» አልኩት። ሳቀ፤ ግን ጻፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመስለውን ሊነግረኝ ሲል «አንድም» ብሎ ይጀምር ነበር።

እዚህ ላይ ትርጓሜ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ግልጽ ላድርግ። አማካሪ ያልከውን በራሱ ቃል መልሶ ሊያሰማህ ይችላል፤ «ድካም ተሰምቶሻል ማለት ነው» እንደሚለው። ሊጠይቅህም ይችላል። ትርጓሜ ግን ከዚህ ይለያል። አንተ ያላገናኘሃቸውን ሁለት ነገሮች እሱ ያገናኛቸዋል። የዛሬ ጠባይህን ከቆየ ነገር ጋር፣ አንድን ቃል ከሌላ ቀን ቃል ጋር። ስለዚህ ኃይል አለው፤ ስለዚህም ያስፈራል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ አማካሪው ከመተርጎም ይልቅ ሰውየውን መከተል አለበት ብሎ የተከራከረው ይህን ኃይል በማየት ይመስለኛል። እኔ እስከዚያ አልሄድም። እኔን የረዳኝ ትርጓሜ ነው። ደግሞ ስም መስጠት ትርጓሜ አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ ደሴ ላይ «ትራውማ» (የአእምሮ ቁስል) የሚለውን ቃል ያልሰማ የለም፤ በየስብሰባው፣ በየሥልጠናው ይነገራል። «ትራውማ አለብሽ» ስባል አንድም ነገር ከአንድም ነገር ጋር አልተያያዘልኝም። ስም ያገኘ ሕመም ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ እንጂ።

ወጣቱ አማካሪ ስድስት ቀጠሮ ያህል ምንም አልተረጎመልኝም። ስለ ሌሊቱ ያስወራኛል። «ከአልጋ ሲነሱ መጀመሪያ የትኛው እግርዎ ነው መሬት የሚነካው?» እስከሚል ድረስ ዝርዝር ይጠይቃል። መጀመሪያ አሰልቺ መሰለኝ። በሰባተኛው ቀጠሮ ግን ማስታወሻውን ገልጦ ትንሽ ዝም አለና እንዲህ አለኝ፦

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልበል፤ ልሳሳት እችላለሁ። ካልገጠመዎት ይጣሉት። ሌባ የሚፈራ ሰው መዘጋቱን አይቶ ይመለሳል። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ‹ከፍቼ፣ አይቼ፣ ዘግቼ› ነው የሚሉኝ። አራት ቀን ጽፌዋለሁ። ታዲያ አንድም፣ ሰው እንዳይገባ ነው። አንድም፣ ውጭ የቀረ ሰው ካለ ብለው ነው። እናትዎን እየጠበቁ ይሆን?»

«ከፍቼ» ማለቴን አላውቅም ነበር። ሰባት ወር ገደማ፣ ኋላም አራት ወር፣ ለራሴ የምነግረው «መዘጋቱን ነው የማየው» ብዬ ነው። «አይመስለኝም ዶክተር» አልኩት። በሕይወቴ ለባለሙያ ሰው «አይ» ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። እሱም «እሺ፤ ይቆየን» አለ። ፊቱ አልተለወጠም። ስለ ሌላ ነገር አወራን።

በዚያው ሌሊት ተነሳሁ። ጋቢ ደረብኩ። መቀርቀሪያውን ሳብኩ፣ በሩን ገለጥኩ። ያኔ ራሴን ያዝኩት። ዓይኔ ወደ መንገዱ አላየም። እጄ ነው የሄደው። በገለጥኩት በኩል አልፎ፣ ወደ ውጭኛው የበሩ ገጽ ዞሮ፣ ጓጉንቸር የሚገባበትን የብረት ቀለበት ይዳስሳል። ባዶ መሆኑን ያረጋግጣል። ከዚያ ይመለሳል፣ በሩን ይዘጋል። በየሌሊቱ እጄ ይህን ሲያደርግ ኖሯል፤ እኔ ግን አንድም ቀን አላየሁትም።

እዚያው ቁጭ አልኩ፣ ብርዱ ላይ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ገና ሳልቀመጥ «ሦስተኛ አንድም አለ» አልኩት። ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኩት።

እናቴ የወልዲያ ሰው ናት። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልዲያ ሲደርስ እኔ ጋ ደሴ መጣች። በጥቅምት 2014 ደግሞ ወደ ደሴ ቀረበ። ሰው በመኪናም በእግርም ወደ ኮምቦልቻ ይጎርፋል። እናቴ «አንዴ ተሰድጃለሁ፤ ይበቃኛል። ጉልበቴም አይችልም» አለች። ለመንናት፣ ተቆጣናት፣ አለቀስን። አልሄድም አለች። ባለቤቴ ሚኒባስ አገኘና ልጆቹን ጫነ። እኔ መጨረሻ ወጣሁ። እናቴ በረንዳው ላይ፣ ረከቦቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ሳምኳት። «በሉ፣ በአላህ አማና» አለችኝ። ወጣሁ፣ በሩን ሳብኩ፣ ሰንሰለቱን አዞርኩ፣ ጓጉንቸሩን ቆለፍኩ። እሷ ከመምጣቷ በፊት ለዓመታት ባዶ ቤት ትቼ ሥራ ስሄድ እንደማደርገው። እጄ ለምዶት ነው።

ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንገባ ትንሿ ልጄ ብስኩት ጠየቀችኝ። እጄን ኪሴ ሳስገባ ቁልፉን አገኘሁት።

ስልክ ደወልኩ። አይገባም። ለጎረቤት ደወልኩ። አይገባም። ባለቤቴ «ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ምንም» አልኩት። ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና የለም። እኛ ወደ ደብረ ብርሃን ቀጠልን። እናቴን ቆልፌባት መሄዴን ይዤ፣ ከአምስት ሳምንት በላይ፣ ውሃ አላት ወይ፣ እሳት ቢነሳ በየት ትወጣለች እያልኩ ኖርኩ። በታኅሣሥ ስንመለስ በሕይወት አገኘናት። ጎረቤታችን በማግስቱ ጓጉንቸሩን ሰብሮላት ኖሯል። እናቴ እያቀፈችኝ «ቆልፈሽብኝ ሄድሽ እኮ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ወዲያ በመካከላችን አልተነሳም። ባለቤቴም አልሰማም።

ይህን ሁሉ ስነግረው አማካሪው አንዲት ቃል አልጨመረም። ስጨርስ ራሴ ነኝ «ለዚህ ነው ያኔ ያልጀመረኝ» ያልኩት። እናቴ በሕይወት እያለች ሌሊት ሳል ሳል ስትል በግድግዳው በኩል እሰማታለሁ። አለች። ወጥታለች። ካረፈች በኋላ ግን ያ ድምፅ የለም። ያን በር ማን ይክፈትላት? እንዲህ ብዬ ሳለቅስ የሰዓቱ ግማሽ አለፈ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የመጀመሪያዋ አማካሪ «በሩን የምትዘጊው እናትሽ ላይ ነው» ነበር ያለችኝ። ቃሏን ብቻ ካያችሁት ከእውነቱ ሩቅ አልነበረችም፤ እንዲያውም ከወጣቱ ይልቅ እሷ ቀርባ ነበር ማለት ይቻላል። እሱ «እየጠበቋት ይሆን?» ነው ያለው፤ ስቷል። የሷ የቀረበው ግን ምንም አልከፈተም፣ የሱ የሳተው ከፈተ። ስለዚህ ትርጓሜ ሰውን የሚለውጠው ልክ ስለሆነ ብቻ አይደለም እላለሁ። ሰዓቱ አለ። ከማን ቃል እንደተነሳም ወሳኝ ነው፤ እሱ የተነሳው እኔ ራሴ ሳላውቀው አራት ቀን ከተናገርኩት «ከፍቼ» ከሚል ቃል ነው። ከሁሉ በላይ ግን ለመታረም ክፍት ነበር። እኔ ነኝ ያረምኩት። ያረምኩት ደግሞ ቢሮው ውስጥ ሳይሆን በበሩ ላይ፣ በእጄ ነው። ለውጥ ማለት ለኔ እሱ ሆነ። እሱ ጀመረው፣ እኔ ጨረስኩት።

ሌሊቱ ወዲያው አልተስተካከለም፤ ይህን የምለው ተስፋ እንዳታጡ ነው። ያን ሳምንት እንዲያውም ብሶብኝ ነበር። በማግስቱ ለባለቤቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ተነስቶ ትከሻዬን ያዘ። ከሁለት ወር በኋላ በሌሊት አንዴ ብቻ የምነሳ ሆንኩ። ከዚያ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አልነሳም።

ስለዚያ አማካሪ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ ስህተቱን ነው። መሃል ላይ ለሥልጠና ሄዶ ሦስት ሳምንት ቀረ። እንደተመለሰ የመጀመሪያውን ቀጠሮ እኔ ቀረሁ። በሚቀጥለው ስመጣ «ቲቸር፣ አንድም ትቼዎት ስሄድ ከፍቶዎት ይሆን? እኔም እንደዚያ ቀን በር ዘግቼ የሄድኩ መስዬዎት?» አለኝ። ቆንጆ ትርጓሜ ነው። ከታሪኬ ጋር ልክክ ይላል። ግን እውነት አልነበረም። ልጄ ቶንሲል ታማ ነው የቀረሁት። «አይ ዶክተር፣ ልጄ ታማብኝ ነው» አልኩት። «ልክ ነዎት፤ እዚህ ላይ ተሳስቻለሁ። ልጅትዋ አሁን እንዴት ናት?» አለኝ። በቃ። «ለምን ትሸሺያለሽ» አላለኝም። ያ አጭር «ተሳስቻለሁ» ለኔ ከብዙ ትክክል ቃል በላይ ነበር። እኔ በሕይወቴ አንድ ስህተት ሠርቼ ዓመታት በሆዴ ያሰርኩ ሰው ነኝ። ባለሙያ ሰው ፊቴ ተሳስቶ፣ አምኖ፣ ሰማዩ ሳይደፋበት ሲቀጥል አየሁ።

አማካሪና ተማካሪ በመካከላቸው ስላለው ነገር እንዲህ የሚተረጎመውን ትርጓሜ በተመለከተ ኖርዌይ ውስጥ የተሠራ ጥናት አለ፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። 100 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ አከሟቸው። ሕክምናው አንድ ዓይነት ነው፤ ለአንደኛው ቡድን ግን ከሐኪሙ ጋር ስላለው ግንኙነት እየተተረጎመ ይነገረዋል፣ ለሌላው አይነገረውም። በአማካይ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነት ከዱሮው የተቸገሩት ሰዎች ግን ትርጓሜው ሲጨመርላቸው ይበልጥ ተጠቅመዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ለጎረቤትህ የሠራ ላንተ ላይሠራ እንደሚችል ነው። «እገሌ አማካሪ አንድ ቃል ተናግሮ አዳነኝ» ሲባል ሰምታችሁ ያንን ቃል አትጠብቁ።

እናንተ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አማካሪው አንድ ነገር ቢላችሁና ልባችሁ ቢቆለፍ፣ «እሺ» ከማለት በፊት ትንሽ ዝም በሉ። ዝምታ ነውር የለውም፤ የሚከፈልበት ሰዓት የእናንተ ነው። «አልገጠመኝም» ማለት ይቻላል። ያ ከከበደ «ይህን ልውሰደውና ላስብበት» በሉ። እሱም ካልወጣ በወረቀት ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ አንዴ አድርጌዋለሁ፣ አነበበውና አመሰገነኝ። በተቃራኒውም ቶሎ «አይ» ያላችሁትን ወዲያው አትጣሉት። እኔ «አይመስለኝም» ያልኩት ነገር ነው በዚያው ሌሊት በር ላይ የጠበቀኝ። አንድ ሳምንት አብሯችሁ ይደር። የሚያም ትርጓሜ ሁሉ እውነት ነው የሚል ነገርም አለ፤ አትመኑት። የመጀመሪያዋ አማካሪ ቃልም አሞኝ ነበር፤ የተጎዳሁት ግን ስለተነካሁ ሳይሆን ስለተገፋሁ ነው። አማካሪው «አይ» ሲባል የሚቆጣ ወይም «ይኸው፣ እየካድሽ ነው» የሚል ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ከአንድ ሰው ጋር ስላልተስማማችሁ ብቻ ሁሉን አትተዉ። እኔ አራት ወር የተውኩት ያለ ምክንያት ነው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ የሚመጣባችሁ ካላችሁ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ የዛኑ ቀን ለቅርብ ሰው ተናግራችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

ባለፈው ጊዜ ጓጉንቸሩን የሰበረልንን ጎረቤታችንን ጋሼን ቡና ጠራሁት። ክርስቲያን ነው፤ ለእናቴ የወንድም ያህል ነበር። ያን ቀን እንዴት እንደሆነ እንዲነግረኝ ለመንኩት። በፌሮ ሊሰብር ሲጀምር እናቴ ከውስጥ ሆና «ተወው፤ ልጄ ናት የዘጋችው። ባዶ ቤት ይመስላል ብላ ነው፤ ማን ይገባበታል?» አለችው። እሱ ውሃ ያስፈልጋታል ብሎ ሰበረው።

ይህን ለአማካሪዬ ነገርኩት። አንድም ከልቧ እንዲያ መስሏት ነው፤ አንድም ጎረቤት ፊት የልጇን ስም ልታድን ነው አልኩት። እሱ ምንም አልተረጎመም። «የቱን ያዙ?» አለኝ።

«ሁለቱንም» አልኩት።

አሁን ቀጠሮዬ በወር አንዴ ሆኗል። በቀደም ባለቤቴ በሩን ብየዳ ቤት ወስጄ ቀለበቱን ላስነሳው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ተወው፣ ይቀመጥ አልኩት። ጓጉንቸር የለበትም።